ከታች የበራው ቅዱስ

የምስክሩ ስም፦ ኖፍሪ ዲ ቫኒ
ዕድሜ፦ 41
ሥራ፦ የግድግዳ ሠዓሊ
አድራሻ፦ ፍሎረንስ፣ ከወንዙ ማዶ፣ ሳን ፍሬዲያኖ ሰፈር
ቀን፦ ኖቬምበር 9 ቀን 1482

ተጠርጣሪው ቴዳልዶ የብራና መጻሕፍት ሠዓሊ ሲሆን አበልጄ ነው፤ የበኩር ልጁን ክርስትና ያነሳሁት እኔ ነኝ። በመካከላችን ጠብ የለም። አምና ኡጎ የተባለ ወጣት በከተማው ላይ አሲሯል ተብሎ በተሰቀለ ጊዜ፣ ለመቀጣጫ እንዲሆን ምስሉን በፍርድ ቤቱ ግድግዳ ላይ ቁልቁል ዘቅዝቄ እንድስል ታዝዤ ስያለሁ።

ትናንት ከቀትር በኋላ ወደ ቴዳልዶ ሱቅ ስገባ የሟቹ የኡጎ እናት ወይዘሮ ኔንቻ ያሠሩትን የጸሎት መጽሐፍ ተረክበው ሊወጡ ነበር። አንድ የፍርድ ቤት ጸሐፊም ተራ ይጠብቅ ነበር። ቴዳልዶ "ተወው አበልጄ፣ እሳቸው ይቸኩላሉ" ቢለኝም መጽሐፉን ከእጃቸው ተቀብዬ የቅዱስ እስጢፋኖስን ሥዕል ተመለከትኩ። የዳር ጌጡ ሐረግም ወርቁም እንከን አልነበረውም። ነገር ግን በሥዕሉ ባሉት ሌሎች ሰዎች ላይ ብርሃኑ ከላይ ሲያርፍ፣ የቅዱሱ ፊት ብቻ የበራው ከአገጩ በኩል ነበር። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ሲባል እየሰማሁ ባድግም የእኔ አፍ አያርፍም። "ምነው፣ ቅዱስህ ምድጃ ሲያነድ ነው እንዴ የሳልከው? ወይስ ከተዘቀዘቀ ሰው ቀዳኸው?" አልኩና እየሳቅሁ መጽሐፉን ቁልቁል ገለበጥኩት።

ያየሁት ግድግዳው ላይ ራሴ የሳልኩትን ፊት ነው፤ ዘቅዝቄ ስለሳልኩት ከላይ የመጣው ብርሃን ያረፈው አገጩ ላይ ነበር። የብራና ሠዓሊዎች ከእኛ ይቀዳሉ፣ እኛም ከእነሱ እንቀዳለን፤ ይህ ነውር አይደለም። ጸሐፊው ግን ከኋላዬ ቆሞ አየ፤ ፊቱንም አወቀው። ወይዘሮ ኔንቻ "ከግድግዳው ሌላ የልጄ ምስል የለኝም እኮ! ጸሎት ሳደርስ ቀና ብሎ እንዲያየኝ ብዬ ለምኜው ነው" እያሉ አለቀሱ። ወታደሮች መጥተው ቴዳልዶን ሲወስዱት ወደ እኔ ዞሮ "ካንተ በቀር እኮ ማንም አያየውም ነበር" አለኝ።

ዛሬ የፍርድ ቤቱ ሹም ለቅዱስ የከሃዲ ፊት ሰጥቶ የሳለ ሰው ቀኝ እጁ እንደሚቆረጥ ከነገሩኝ በኋላ፣ ፊቱ የኡጎ መሆን አለመሆኑን ጠየቁኝ። በመጀመሪያ "አላውቀውም" ብያለሁ። ለግድግዳው ያዘጋጀሁትን ንድፍ አስመጥተው ከመጽሐፉ ጎን ሲዘረጉት ግን የመጀመሪያ ቃሌን አንስቻለሁ። ፊቱ የኡጎ ነው።

ቃሌ ተነቦልኝ ሰምቻለሁ፤ ሐሰት የለበትም። ምነው ሐሰት በሆነልኝ።

የምስክሩ ፊርማ፦ ኖፍሪ ዲ ቫኒ
ቃሉን የተቀበለው ጸሐፊ፦ ላፖ ቤንቺ