የጅቦቹ ጡሩምባ

(ደሴ፣ ከፎቶ ኮፒ ቤት ጀርባ ያለች ክፍል። ጥቁር የለበሰችው የአሥራ ስድስት ዓመቷ ትንቢት፣ ጎረቤቷ ኪሩቤል ለሚሠራው የቪዲዮ ጌም ያቀናበረችውን የውጊያ ሙዚቃ አሰምታው መጨረሷ ነው።)

ትንቢት፦ ይህን ሰምቶ ደሙ ያልፈላ ሰው አስከሬን ነው። ደሴ ውስጥ እንዲህ የሚያቀናብር ካለ አምጣው፤ እጁን እስማለሁ።

ኪሩቤል፦ ጡሩምባውን ከውስጡ አውጪው።

ትንቢት፦ "እጅሽ ይባረክ" ድሮ ቀረ ማለት ነው?

ኪሩቤል፦ ጌሙን ነገ ኤግዚቢሽን ላይ ላቀርበው ነው። ጡሩምባው ይውጣና ሌላው ይሂድ።

ትንቢት፦ ጌምህ ውስጥ ጅቦቹ በሩን ሰብረው ሲገቡ፣ ልጅቷ ጦሯን ስታነሳ፣ ጡሩምባ ካልተነፋ ምን ይነፋ? ፊሽካ?

ኪሩቤል፦ ትናንት ለሰፈሩ ልጆች አስሞከርኩት። ልክ ጡሩምባው ሲነፋ አቤኔዘር ስልኩን አስቀመጠና "ማን ሞተ?" አለ።

ትንቢት፦ እሱ ድሮም ፈሪ ነው።

ኪሩቤል፦ እናቱስ? ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከጓዳ ወጣች። "ቀብሩ በስንት ሰዓት ነው?" ብላ እድርተኛውን ስትጠይቅ ነው የደረስኩባት።

ትንቢት፦ ታዲያ ሙዚቃዬ ሰው አንቀሳቀሰ ማለት ነዋ።

ኪሩቤል፦ ወደ ለቅሶ ነው ያንቀሳቀሰው። እኔ ያዘዝኩሽ ውጊያ ነው። ልጆቹ "ማን ሞተ" ሲሉ ጅቦቹ ልጅቷን በልተው ጨረሱ።

ትንቢት፦ የሞተ ተጎዳ። እንደገና ይጀምሩ።

ኪሩቤል፦ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም አሉ። ሌላ ጡሩምባ ከኢንተርኔት አውርጂና ተኪው።

ትንቢት፦ የኢንተርኔቱ አያስልም።

ኪሩቤል፦ አያስልም?

ትንቢት፦ መጨረሻው ላይ ስማ። ነፍቶ ሲጨርስ ያስላል። እንዳይጠፋ ብዬ ከበሮውን እዚያ ጋ ቀነስኩት።

ኪሩቤል፦ ቆይ... ትንቢት፣ ይሄ ጋሽ አስፋቸው ናቸው?

ትንቢት፦ ከአባቴ ሌላ የእድሩ ጡሩምባ ነፊ ማን ነበር?

ኪሩቤል፦ መቼ ቀዳሽው?

ትንቢት፦ ባለፈው ክረምት፣ እማማ ወለቱ የሞቱ ጠዋት። በመስኮት በኩል። ለአንድ ነገር ይሆናል ብዬ።

ኪሩቤል፦ የአባትሽ አርባ እንኳን ገና አልወጣም እኮ።

ትንቢት፦ ይጠፋኛል? ድንኳኑ ውስጥ ንፍሮ ሳድል ነበር።

ኪሩቤል፦ ሰዉ "እንባ የላትም" ብሎ ያማሻል።

ትንቢት፦ አክስቴም ሽንኩርት ክተፊ ብላኛለች። ከተፍኩ። ዓይኔን ለበለበኝ፣ አለቀ። ምንም አይሰማኝም፣ ኪሩ። ክንዴ ላይ ተኝቼበት እንደነቃሁ ነው፤ ብትቆነጥጠኝ የሌላ ሰው ክንድ ነው የሚመስለኝ። ከበሮውንም የሠራሁት እንደዚያ ሆኜ ነው። ፈጣን ይሁን አልክ፣ ፈጣን አደረግኩት።

ኪሩቤል፦ ድምፃቸውን ከፈለግሽው ቤትሽ ቁጭ ብለሽ ስሚው። ለምን ጌም ውስጥ ይገባል?

ትንቢት፦ ብቻዬን ስሰማው የስልክ ድምፅ ነው። ጌሙ ውስጥ ከገባ ግን ልጆቹ በተዋጉ ቁጥር ይነፋል። አዲሱ የእድሩ ለፋፊ እንደሆነ በሜጋፎን ነው የሚጮኸው። አንተ ካወጣኸው አባቴ ደሴ ውስጥ የትም አይሰማም።

ኪሩቤል፦ እሳቸው የነፉት ሰው ለቀብር እንዲወጣ ነው። ለጅብ አይደለም።

ትንቢት፦ ጅብም ቀብር አይጠላም።

ኪሩቤል፦ አትቀልጂ።

ትንቢት፦ እሺ፣ ቀልዱ ይቅር። ጡሩምባው ከወጣ እኔም ሙዚቃዬን ይዤ ወጣሁ። ያለኔ ጌምህ የዝንብ ጠብ ነው። እንደኔ ነፍስ ዘርቶ የሚሠራልህ ደግሞ ከየትም አታገኝም።

ኪሩቤል፦ እውነቱን ልንገርሽ? ከዚህ ሁሉ ውስጥ ነፍስ ያለው ጡሩምባው ብቻ ነው። እሱን ደግሞ የሠራሽው አንቺ አይደለሽም።