በር ላይ የቀረው ብረት

ፍኖተ ሰላም፣ የወይዘሮ የሺእመቤት ሳሎን፤ የምራታቸው አባት ቀጥቃጩ አቶ አስራደ ነፍሰ ጡር ልጃቸውን ስንዱን ለወሊድ ሊወስዱ መጥተው፣ የቀረበላቸውን ሻይ ሳይነኩ ቆመዋል።

የሺእመቤት፦ አልሰጥም አልኩ እኮ! ስንዱ እዚሁ ትወልዳለች።

አስራደ፦ የበኩር ልጅ በወላጅ ቤት ይወለዳል። ወጉን እኔ አላመጣሁት።

የሺእመቤት፦ ወጉ የሚለው እናቷ ቤት ነው። ባለቤትዎ፣ ነፍሷን ይማርና፣ የለችም። ማን ሊያርሳት ነው? መዶሻው?

አስራደ፦ እዚህስ ማን ጠበቃት? ጤና ጣቢያ ለክተው “ደምሽ አልቋል” አሏት። ስትወልድ ቢፈሳት ምን ሊተርፋት ነው?

የሺእመቤት፦ በእኔ ቤት ደም አነሳት? ጠዋት እንቁላል፣ ምሳ ሥጋ፣ የብረት ክኒኗን በገዛ እጄ ነው የምሰጣት!

አስራደ፦ በምን ትውጠዋለች?

የሺእመቤት፦ እንደ ሰው በሻይ ነዋ! ወፍራም፣ ቅርንፉድ ያለበት። በላዩ ደግሞ ወተት።

አስራደ፦ ሲያጌጡ ይመላለጡ! አዋላጇ ምን አለችኝ መሰለዎት? ብረት አንጀት ሲደርስ ዘው ብሎ አይገባም፤ በር አለ። ኢንዛይም የሚሉት ሠራተኛ በሩ ላይ ቆሞ ያሰናዳዋል፣ ተሸካሚው ተቀብሎ ወደ ደም ያሻግረዋል። ሻይዎ ግን ቀድሞ ጠፍሮ ይይዘዋል። የታሰረውን ማን ይሸከማል? ወደ ሽንት ቤት ነው።

የሺእመቤት፦ ሻዬ ሌባ ሆነ በሉኛ!

አስራደ፦ ሌባስ ወስዶ ይጠቀምበታል። ይሄ እንደ ሰርጋችሁ አሳላፊ ነው፤ እንግዳውን በር ላይ አስቀምጦ ይረሳል።

የሺእመቤት፦ ይኸው የሰርጉ ነገር መጣች! እስከ ዛሬ ያመነዥኳታል? በር ላይ ያስቀመጥንዎ ነፋሻማ ስለሆነ ነው።

አስራደ፦ ልክ ነው። ሌላው ዘመድ ሁሉ ሙቀት ይወዳል፤ ነፋስ የተመረጠው ለቀጥቃጭ ብቻ ነው። ማረሻ ስትፈልጉ እጄ ንጹሕ፣ ትሪው ሲቀርብ እጄ ጥላሸት!

የሺእመቤት፦ ተቅማጥ ሲይዛት ዚንክ የገዛሁላትስ? እሱን አይቆጥሩልኝም?

አስራደ፦ መቼ ነው የሚሰጧት?

የሺእመቤት፦ ከብረቱ ጋር፣ ባንድ ጉንጭ።

አስራደ፦ ወይ ጉድ! ዚንክስ ክፉ አይደለም። ሥጋውን ለሚቆራርጠው ኢንዛይም ስለቱ እሱ ነው፤ ያለ እሱ ቢላዋው ይደንዛል። ግን ሁለቱን ባንድ ላይ ሲለቁባት በሩ ላይ ይጋፋሉ፤ ብረቱም ውጭ ይቀራል። ለያይተው ነበር መስጠት።

የሺእመቤት፦ እኔ ነኛ ብረቷን ከበር የመለስኩት?

አስራደ፦ ብረት ነው፣ የቀጥቃጭ ዘመድ፣ እንዴት ይግባ! የቀጥቃጭ ልጅ ብረት አጥታ ትሙት።

የሺእመቤት፦ ሟርትዎን ይዋጡት! ሴት ልጅ አልወለድኩ፣ ያለችኝ እሷ ናት። በምን ትዋጠው ታዲያ?

አስራደ፦ በውሃ። ሎሚ ጠብ ቢያደርጉበት እንዲያውም ይረዳዋል። ሻዩም ወተቱም ቆይተው ይደርሳሉ።

የሺእመቤት፦ እርስዎ አጥሚት ማፍላት ይችላሉ?

አስራደ፦ እማራለሁ።

የሺእመቤት፦ በአራስ ላይ አይማሩም! እሺ፣ ይውሰዷት። እኔም አብሬ እመጣለሁ።

አስራደ፦ ቀጥቃጭ ቤት? ጎረቤትዎ ምን ይላል?

የሺእመቤት፦ ያሻውን ይበል! ይልቅ የት ሊያስቀምጡኝ ነው?

አስራደ፦ በር ላይ። ነፋሻማ ነው።