የፈረንጅ አደይ ወልድያ ስትሄድ

«የትናየትዬ፣ እንኳን አንቺን አገኘሁ! ብቻዬን ብሆን እስከ ጋሸና ከማን ጋር ልጫወት ነበር? … ፍላቂት ብርዱ እንዴት ነው? ገብሱስ? ዘንድሮ ሸጋ ነው አሉ፣ እሰይ። ተማሪዎችሽ ይሰሙሻል? ደግ። በይ ጠጋ በይልኝ እስቲ፣ ጉልበቴ የፊተኛውን ወንበር እንዳይገፋብኝ። ሰው ተቀምጦበታል… ሰው ብቻ መሰለሽ? አበባም ተሳፍሯል።»

ወይዘሮ ይማርሽ ይህን ያለችው ኅዳር በገባ በሦስተኛው ቀን፣ ሁለት ሺህ ዓመተ ምሕረት፣ ከላሊበላ ወደ ወልድያ በሚሄደው የጧት አውቶብስ ውስጥ ነው። እሷ ጋሸና ወርዳ ሌላ መኪና ይዛ ፍላቂት፣ እኅቷ ቤት ለክርስትና ልትሄድ ነው። አጠገቧ ያለችው የትናየት ፍላቂት የምታስተምር የሰፈሯ ልጅ ናት። ከፊታቸው የተቀመጠችው ደግሞ ወይዘሮ ምሥራቅ ናት፤ የይማርሽ የአጥር ጎረቤት። ምሥራቅ በጭኗ ላይና በእግሯ ሥር አምስት የዘይት ቆርቆሮ ደርድራለች። በየቆርቆሮው ላይ የፈረንጅ አደይ ቆሟል፤ የግብርናው ልጅ «ኮስሞስ ይባላል» ብሎ ጽፎ ለጥፎበታል። ወልድያ በዞኑ ኤግዚቢሽን ላይ ሊታይ ነው።

አበባውን ወደ ሰፈራቸው ወደ ሰባት ወይራ ያመጣችው ይማርሽ መሆኗን የማያውቅ የሰፈር ሰው የለም። ከአምስት ዓመት በፊት አዝመራው የሚባል የሆቴል አትክልተኛ ወደ መተማ ሲሄድ፣ በክብሪት ቀፎ ጥቂት ዘር ሰጥቷት ሄደ። ሆቴሉ አትክልቱን ነቅሎ የመኪና ማቆሚያ አደረገው። ዘሩ እሷ ደጅ ብቻ ቀረ። ያኔ የባሏ የመሪጌታ ሰይፈ ሥላሴ ዓይን እየደከመ ነበር። ሐኪሞች አይተው «ዘግይቷል» አሏቸው። የሰው ፊት መለየት አቆሙ። ፀሐይ ወጣ ሲል ግን በረንዳው ላይ ተቀምጠው ያንን ቀይና ሮዝ ያዩታል። «ዛሬ አዲስ ፈክቷል፣ ከበሩ በስተቀኝ» ይላሉ። ይማርሽ ሄዳ ስታይ፣ እውነታቸውን ነው።

ባለፈው ሰኔ ምሥራቅ «እስቲ ለእኔም» ብላ መጣች። ይማርሽ ያላትን ዘር እኩል ከፍላ ሰጠቻት፤ አዘራሩንም ጎንበስ ብላ አሳየቻት። አዲስ ዓመት ሊጠባ ሲል፣ የይማርሽ አበባ ገና እምቡጥ እንደያዘ፣ የምሥራቅ ሁለት በጎች አጥር ጥሰው ገብተው እስከ ሥሩ ጋጡት። በመስቀል ማግስት ቀበሌው ለተዋበ ግቢ ሽልማት ሲሰጥ አንደኛ የወጣችው ምሥራቅ ሆነች። ዘሩን ከየት እንዳገኘችው ተጠየቀች። በሞላ አዳራሽ ፊት፣ «አዲስ አበባ ያለ ዘመዴ ላከልኝ» አለች። ይማርሽ ሦስተኛው ወንበር ላይ ነበረች። አጨበጨበች።

በጥቅምት ደጇ ድረስ ሄዳ እፍኝ ዘር ለመነቻት። ምሥራቅ በሩን ገርበብ አድርጋ፣ «የኔ እኮ ሌላ ዝርያ ነው፤ ካንቺው ጋር ከተደባለቀ ይበላሽብኛል» አለቻት።

በዚያው ሰሞን መሪጌታ በረንዳው ላይ ብዙ ቆይተው፣ «ይማርሽ፣ አበባው የለም ወይስ ጨርሶ ጨለመብኝ?» ሲሉ ጠየቁ። «በግ በላው» አለቻቸው። «ልታጽናኚኝ ነው» ብለው ግድግዳውን እየዳበሱ ገቡ። ከዚያን ቀን ወዲህ በረንዳው ላይ ተቀምጠው አያውቁም።

ይማርሽ መሳደብ አልፈጠረባትም። አንደበት ግን አልነሳትም። ዛሬ ጧት አውቶብስ ውስጥ ገብታ ከምሥራቅ ጀርባ ያለውን ወንበር ባዶ ስታገኘው፣ ጠባቂ መልአኳ ቦታ የያዘላት ነው የመሰላት። የሽምሸሃን ሜዳ አልፈው አውቶብሱ ዳገቱን ሲይዝ፣ ጉሮሮዋን ጠረገች።

«አየሽው አበባውን? ሲያምር! እኔማ እንዲህ ያለ የት አይቼ? የሰፈር ሴት ነኝ። ይሄ የአዲስ አበባ ነው አሉ። ቅጠሉ እንስላል ይመስላል… እኔም ቤት አንድ ቅጠሉ እንስላል የሚመስል ነገር ነበረ። አበባው ቀይ፣ ሮዝ፣ ነጭ። ይሄም ቀይ፣ ሮዝ፣ ነጭ። ግን አንድ አይደሉም አሉ። አጃኢብ ነው! መንታ ናቸው፣ እናታቸው ብቻ ትለያለች።»

የትናየት የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ አደረገች። የፊተኛው ወንበር ላይ ያለው ማጅራት ቀጥ አለ።

«የቅርብ ጎረቤት ከሩቅ ዘመድ ይበልጣል ይሉ የለ? እነሱ ምን ያውቃሉ! የሩቅ ዘመድ እኮ ዘር ይልካል። የቅርብ ጎረቤት ምን አለው? … አጥር። እሱም ቢሆን እስኪጣስ ነው። አንቺም ትምህርት ቤቱ ግቢ ልትተክዪ አስበሻል ብላኛለች እናትሽ። እኔ ምን አውቄ ልምከርሽ፣ ሽልማት የለኝ። ግን ከሊቅ አጠገብ የዋለ ይለቅማልና፣ የለቃቀምኩትን ልንገርሽ።

«ሰኔ ዝናቡ አፈሩን ሲያለሰልሰው ነው የሚዘራው። ዘሩ ጥቁር፣ ቀጭን፣ ቆልመም ያለ ነው፤ የጥፍር ቁራጭ ይመስላል። አርቀሽ አትቅበሪው። በጣትሽ ትንሽ አፈር ነስነስ ካደረግሽለት ይበቃዋል። አርቀው የቀበሩት አይወጣም ይላሉ… እኔስ እንጃ። ስንቱ ተቀብሮ አየን፣ ቀኑን ጠብቆ ብቅ የሚል! በሳምንት በዐሥር ቀኑ ነው የሚወጣ፣ አንዳንዱ ደግሞ መንገድ ላይ፣ አውቶብስ ውስጥ…»

ከኋላ አንድ ሽማግሌ ሳል የመሰለ ነገር ያዛቸው። ይማርሽ ዞር ብላ «ይማርዎት አባቴ» አለቻቸውና ቀጠለች።

«ፍግ ደግሞ አታብዢበት። ይሄ አበባ ድሃ አፈር ነው የሚወድ። ጭንጫ ላይ ጣይው፣ ይፈካልሻል። ፍግ በፍግ ላይ ከደራረብሽለት ይወፍራል፣ ይረዝማል፣ ቅጠሉ ይንዠረገጋል፣ አበባ ግን አያወጣም። ጥጋብ ነዋ! ሰው እንዲህ አይደለም መቼም። ሰው ሲጠግብ ነው የሚያብበው፤ መድረክ ላይ ሁሉ ይወጣል።

«ሁለት ስንዝር ሲሆን ጫፉን ቆንጠጥ ታደርጊዋለሽ። አትፍሪ፣ አያመውም። ካልቆነጠጡት ብቻውን ሽቅብ ይመዘዛል፤ ከኔ በላይ ማን አለ ይላል፤ ነፋስ ሲነሣ እሱን ነው ቀድሞ የሚሰብረው። ሲቆነጠጥ ግን ጎን ጎኑን ያወጣል፣ ለሁሉም ይደርሳል። በልጅነቱ ሳይቆነጠጥ ያደገ ካየሽ ግን አትፍረጂ… እናቱ ሥራ በዝቶባት ይሆናል።»

አሁን የሳቁት ሽማግሌው ብቻ አልነበሩም። ሹፌሩም በመስተዋቱ ሽቅብ አየ። ምሥራቅ ጭኗ ላይ ያለውን ቆርቆሮ ከግራ ወደ ቀኝ አዞረች፤ መልሳ ከቀኝ ወደ ግራ አዞረችው። ብትመልስ «እኔ ነኝ» ማለቷ ነው። ብትነሣ የምትቀመጥበት ሌላ ወንበር የለም። ይማርሽ ይህን ሁሉ ከኋላ ሆና ታያለች። ከጥቅምት ወዲህ እንዲህ ደስ ብሏት አያውቅም።

«ተባይ እንኳ እምብዛም አይደፍረውም። ጠላቱ በግ ነው። በግን መቼም የማይወድ የለም፣ የዋህ ነው! ውሻ በበላበት ይጮኻል፤ በግ ግን በበላበት ዝም ነው። ጨዋ! ያ ሁሉ ሣር ተራራውን ለብሶት ሳለ፣ እምቡጥ እምቡጡን መርጦ መብላትን ማን አስተማረው ትያለሽ? … ቤቱ ያየውን ነው እንጂ። እኔማ አልቀየምኩም። በጎቹ ምን ያርጉ፣ አበባ ወዳድ ቤት አደጉ!

«የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባል ነበር በኛ ጊዜ። ውሸት! ዘንድሮ በዓይኔ በብረቱ አየሁት። የሰው ወርቅ እንዴት አድርጎ ነው የሚያደምቅ! አንገት ላይ ልክክ ይላል፤ ያጨበጭቡለታል። እኔም አጨብጭቤያለሁ። መዳፌ እስኪቀላ። አላየሽኝም? …»

አውቶብሱ ደጋው ላይ ወጣ። በግራም በቀኝም ገብስ የሚያጭዱ ሰዎች ጎንበስ ቀና ይላሉ። ብርዱ በመስኮቱ ስንጥቅ ገባ። ይማርሽ ሌላ የምትለው አዘጋጅታ ነበር፤ ስለ ነፋስና ስለ ድጋፍ እንጨት፣ ያለ ሰው ድጋፍ ስለማይቆም አበባ። አፏን ስትከፍት ግን የወጣው ሌላ ነው።

«ቤታችን አንድ ሰው አሉ። አበባ ይወዳሉ። የኔን ፊት አያዩም፤ አበባውን ግን ያዩታል… ያዩት ነበር። ዘንድሮ ከደጁ ሲታጣባቸው፣ ዓይኔ ፈጽሞ ጠፋ ብለው ጓዳ ገቡ። የጠፋው ዓይንዎ አይደለም ብላቸው አላምን አሉኝ። ሊቅ እኮ ናቸው፣ ስንቱን ያስተማሩ፤ ማስረጃ ይፈልጋሉ። ታዲያ ምን ልበላቸው የትናየትዬ? ‹አበባውስ አለ፤ ዝርያው ተለውጦ አጥር ተሻገረ› ልበላቸው? … በጨለማ ለተቀመጠ ሰው እንዲህ ያለ ቀልድ ይነገራል?»

ማንም አልሳቀም። የትናየት እጇን የይማርሽ ጉልበት ላይ አኖረች። ይማርሽ በራሷ ተናደደች። ይህን ለማንም አልተናገረችም ነበር፤ ለእኅቷም ቢሆን። ነጠላዋን ሰብስባ ወደ መስኮቱ ዞረች። ምሥራቅም ቆርቆሮውን ማዞር ትታ ነበር።

ጋሸና ደረሱ። ረዳቱ «የፍላቂት፣ የደብረ ታቦር ውረዱ!» እያለ ጮኸ። ይማርሽ ዘንቢሏን አንሥታ ለመነሣት ስትሞክር፣ በሁለቱ ወንበሮች መካከል አንድ ቆርቆሮ ወደ ኋላ መጣ። ምሥራቅ ፊቷን አላዞረችም። እጇ ብቻ ነው የመጣው። ቆርቆሮውን የይማርሽ ጭን ላይ አሳርፎ ተመለሰ።

ተሳፋሪው ሁሉ አንገቱን አሰገገ። ከአምስቱ ትንሿ ናት። አበባ የላትም። ግንዷ ጎብጧል፣ ቅጠሏ ወይቧል፤ ጫፏ ላይ ሦስት የደረቁ የአበባ ራሶች ቀርተዋል። አራቱ የፈኩት ከምሥራቅ ጋር ናቸው። ሽማግሌው ምላሳቸውን «እጭ» አደረጉ። አንዲት ሴትዮ «ምነው፣ ከነጭራሹ ቢቀርስ!» ብላ ተንሾካሾከች።

ይማርሽ ግን የደረቀውን ራስ በሁለት ጣቷ ነካ አደረገችው። ጥቁር፣ ቆልመም ያለ ዘር ጣቷ ላይ ተጣብቆ ወጣ። ሌላውንም ነካችው። በስሏል። ሙሉ ነው። ለደጃቸው ይበቃል፤ ከበሩ በስተቀኝም በስተግራም። በመጪው መስከረም መሪጌታን እጃቸውን ይዛ ወደ በረንዳው ስታወጣቸው ታያት። ምሥራቅ አውቃ ይሁን፣ ወይም የማይረባውን አንሥታ አፏን ልታስይዛት፣ ይማርሽ አላወቀችም። ልትጠይቅም አልፈለገች። ቆርቆሮውን እንደ ሕፃን አቀፈችው።

ልትወርድ በሩ ድረስ ሄደች። መውረድ ብቻ ቀርቷት ነበር። ነገር ግን ከመስቀል ወዲህ የተጠራቀመ ነገር በአንድ ቆርቆሮ አይወርድም። እግሯን ደረጃው ላይ አድርጋ ዞር አለች፤ ፈገግታዋ እንደ ማር፣ ድምፅዋ አውቶብሱን ሁሉ የሚያዳርስ፣ ዓይኗ ከኋላዋ በቆመችው በየትናየት ላይ ብቻ።

«አየሽ ደግነት? ከአምስቱ መርጣ ይችን ሰጠችኝ! እንግዲህ እኔ ድሃ ነኝ፣ ብድር የምመልስበት የለኝም፤ እግዜር ይመልስላት። ለእኔ እጇን የዘረጋችውን ያህል፣ ፈጣሪ እጁን ይዘርጋላት። እሷ ካላት ላይ መርጣ እንደሰጠችኝ፣ እሱም ካለው ላይ እንዲሁ መርጦ ይስጣት፤ ለልጅ ልጇም ያድርስላት። … ምነው ዝም አላችሁ? አሜን በሉ እንጂ፣ ምርቃት ነው!»