አልቅት የጠፋበት ወንዝ

የኛ ወንዝ አልቅት በበቅሎ አፍንጫ ገብቶ ደም ሲመጥ ይከርምና፣ ሲወጣ የትኛው በቅሎ፣ የትኛው አልቅት እንደሆነ መለየት ያስቸግር ነበር። ታዲያ ከወንዙ ራስ አሮጌ የመኪና ባትሪ እየሰበሩ የሚያቀልጡ ሰዎች ሰፍረው እጣቢውን ሲለቁበት፣ አልቅቱ አንድ ሳይቀር ጠፋ። ውሃውም ጠራ፤ ከዳር ቆሜ ለእያንዳንዱ ጠጠር ስም አወጣለት ነበር። ማርያም ጎበኘችን አልን። እኔማ ሚስቴ ነፍሰ ጡር ናትና፣ የደጃችንን ምንጭ ትቼ በየማለዳው ከዚያ እቀዳላት ጀመር።

አንድ ጠዋት ጀሪካኔን ስሞላ፣ ባለፈው ውሃውን በጠርሙስ ቀድታ የሄደችው የወረዳው የውሃ ባለሙያ መጣች። «የኔ ልጅ፣ እንዲህ ያለ ውሃ አይተሽ ታውቂያለሽ? አልቅት እንኳ አይደፍረው» አልኳት።
«እንቁራሪትስ አለው፣ ጋሼ?»
«የለውም።»
«አልቅትና እንቁራሪት ያልቻሉትን እርስዎ ሊችሉት ነው? ውጤቱ መጥቷል። የባትሪው እርሳስ ሟሙቶበታል፤ ቢያፈሉትም አይለቅም። ከእናት ደም ወደ ጽንስ ያልፋል።»

ጎንበስ ብዬ አየሁት። ጥይት እንኳ ሲመጣ ይጮኻል፤ ይሄ ግን ፀሐይ እያበራበት ዝም ብሎ ይወርዳል። ጀሪካኑን ደፍቼ ቤት ስደርስ ሚስቴ የትናንቱን ልትጠጣ አንስታለች፤ ቀማኋት።
«ምን ነካህ አንተ ሰውዬ? ራስህ ቀድተህ?»
እውነቷን ነው። ሞላሌ ከተማ ሐኪም ቤት ወስጃት ደሟን ለምርመራ ሰጥታ አሁን ውጤት እየጠበቅን ነው። ልጁ ሲራገጥ እጄን ወስዳ ሆዷ ላይ ታስቀምጠዋለች፤ እኔም ርግጫውን እቆጥራለሁ።