በተዘጋ በር የተጋገረ ድፎ

ወገኖቻችን፣ ዛሬ የልደት በዓል ነው። ለደስታ ያዘጋጃችሁትን ነጠላ አዘቅዝቃችሁ ከዚህ ደብር ቅጥር ለተሰበሰባችሁ ሁሉ፣ በፊታችን ያረፉት የወይዘሮ ፈይሩዝ አደም ሕይወት እንደሚከተለው ይነበባል።

ወይዘሮ ፈይሩዝ ከአባታቸው ከአቶ አደም ሙሐመድዘይንና ከእናታቸው ከወይዘሮ ዘነቡ አስፋው በኅዳር ወር 1991 ዓ.ም. በጨፋ ሸለቆ፣ ከቦርከና ወንዝ ብዙም በማይርቅ መንደር ተወለዱ። አባታቸው ሙስሊም፣ እናታቸው ክርስቲያን ነበሩ፤ ሁለቱም በየእምነታቸው ጸንተው በአንድ ጣሪያ ሥር ኖረዋል። ልጅ ሲወለድ አባት፣ «ስሟ የእኔ ይሁን፣ ክርስትናው የአንቺ» ብለው ስለ ነበር፣ በቤት ፈይሩዝ፣ በጥምቀት ወለተ ሐና ተብለው አደጉ። በዚያ ቤት የሥጋው ድስት ሁለት ነበር፤ ዳቦው ግን አንድ ነበር። ለዒድም ለገናም እናት የጋገሩትን ድፎ አባት «ቢስሚላህ» ብለው ይቆርሱት ነበር።

የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በመንደራቸው፣ ቀጣዩንም እስከ አሥረኛ ክፍል በከሚሴ ተከታትለዋል። ዳቦ መጋገርን የተማሩት ግን ከእናታቸው ነው። ስንዴውን መልቀም፣ እርሾውን መጠበቅ፣ ሊጡ ኩፍ ሲል በጆሮ ማወቅ፣ ምጣዱ ላይ የሙዝ ቅጠል ማንጠፍ፣ ከታች እሳት፣ ከላይም በብረት ክዳኑ ላይ ፍም ማድረግ፣ ይህን ሁሉ ገና በልጅነታቸው ጨርሰው ያዙ። ከሁሉ አጥብቀው የያዙት ግን በር መዝጋትን ነው። ድፎው እሳት ላይ እያለ በሩ ገርበብ ካለ እናታቸው ከውጭ ሆነው፣ «አንቺ ልጅ፣ ዝጊው! ነፋስ ገብቶ ሊሰነጥቀው ነው፤ ደግሞ ስንት ዓይን ያልፋል በዚህ መንገድ!» ብለው ይጮኹ ነበር። እናታቸው በሕመም ሲለዩዋቸው ወይዘሮ ፈይሩዝ ከሚሴ ወዳለው ወደ እናታቸው ወንድም ቤት ገቡ፤ ያንንም ትእዛዝ ይዘው ገቡ።

በከተማው ዳቦ እየጋገሩ በመሸጥ ራሳቸውን ቻሉ። ስንዴያቸውን የሚያስፈጩት ባለቤታቸው አቶ ምስጋናው ይመር በሚሠሩበት ወፍጮ ቤት ነበር። በመጀመሪያው ቀን አቶ ምስጋናው፣ «ከነጠጠሩ ነው እንዴ የምታስፈጪው?» ቢሏቸው፣ «ጠጠር የሚወልደው ያንተ ወፍጮ ነው» ብለው ሰው ሁሉ እንዲስቅ አደረጉ። ወፍጮውን ያስመረመሩት አቶ ምስጋናው ጠጠር ባያገኙም፣ በሳምንቱ ይቅርታ ጠይቀዋቸዋል። በዚያው ተግባቡ።

ጋብቻቸው በተክሊል ተፈጸመ። ነገር ግን ሽማግሌ የተላከው አብረዋቸው ወደሚኖሩት ወደ እናታቸው ወንድም እንጂ ወደ አባታቸው አልነበረም። አቶ አደም ያን ጊዜ ከብት ይዘው ወደ ባቲ ወርደው ነበር፤ ሲመለሱ ልጃቸው ታጭተው፣ ቀኑም ተቆርጦ አገኙት። «አባት የሌላት ልጅ አስመሰላችኋት» አሉ። ከዚያም፣ «ከእንግዲህ ከቤቷ እህል አልቀምስም» ብለው ማሉ።

ወይዘሮ ፈይሩዝ በየዓመቱ ለገና አንድ ድፎ በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው፣ በሰንበቴ ገበያ ከብት በሚነግደው በአባታቸው ወንድም ልጅ በሙስዐብ እጅ ለአባታቸው ይልኩ ነበር። ዳቦው በዚያው ጨርቅ፣ ቢላዋ ሳያርፍበት ይመለሳል። የመጀመሪያ ልጃቸው ስትወለድ በአባታቸው እናት ስም ዘሃራ ብለው ሰየሟት፤ አቶ ምስጋናውም «ስሙ የአባትሽ ይሁን» ብለው ተስማሙ። በዚያ ዓመትም ዳቦው ተመለሰ።

ዘንድሮ የነቢያት ጾም ከተጋመሰ በኋላ ሙስዐብ ወደ ቤታቸው መጣ። በአባታቸው አፍ፣ በኦሮምኛ፣ «አካም ጅርታ» አላቸው፤ እንዴት ነሽ ማለት ነው። ወይዘሮ ፈይሩዝ፣ «ይህ ሰላምታ ያንተ ነው የእሱ?» ብለው ጠየቁት።

«የአባትሽ ነው። ለገና እመጣለሁ ብለዋል። ሥጋችሁን ተዉልኝ፣ ዳቦዋን ግን እበላለሁ ብለዋል፣ ኢንሻአላህ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ወይዘሮ ፈይሩዝ ሌላ አሳብ አልነበራቸውም። በቆርቆሮ የተሠራው ማድ ቤታቸው ከጨፋ የሚነሣውን ነፋስ ያስገባ ስለ ነበር ቀዳዳውን ሁሉ በጭቃና በእበት መረጉት፤ ከበሩ ሥር ጆንያ ጠቀጠቁ። «ዘንድሮ የሚሰነጠቅ ዳቦ የለም» አሉ። የሰፈሩ ክርስቲያን እናቶችም እጃቸውን ስለሚያውቁ ሊጣቸውን ተሸክመው መጡ። በገናው ሳምንት ከዚያ ማድ ቤት ፍም ጠፍቶ አያውቅም፤ በሩም ተከፍቶ አያውቅም ማለት ይቻላል።

ራሳቸውን ያማቸው ጀመር። ጾሙ ነው ተባለ። ሲነሡ ያዞራቸዋል፤ ጾሙ ነው ተባለ። ጎረቤታቸው ወይዘሮ ፋጡሜ እንኳ፣ «እኛንም በረመዳን እንዲሁ ያደርገናል፣ ማታ ሲበሉ ይለቃል» አሏቸው። እውነትም ማታ፣ ከማድ ቤቱ ወጥተው ሲበሉ ይለቃቸው ነበር። በማድ ቤቱ ጥግ እንቁላል የታቀፈች ዶሮ አንድ ጠዋት አፏን ከፍታ ሞታ ተገኘች። «ፈንግል ገባ» ብለው ቀበሯት። በሰፈሩ ግን ሌላ የሞተ ዶሮ አልነበረም። በማግስቱ ሕፃን ዘሃራ በእናቷ ጀርባ ታዝላ ሳለ አስመለሳት፤ እናቷም፣ «እትዬ ፋጡሜ፣ ሙቀቱ አልተስማማትም፣ እባክዎ ይያዙልኝ» ብለው ሰጧቸው። ሕፃኗ ዛሬ በሕይወት ያለችው በዚህ ነው።

በገሃድ ዕለት፣ በገና ዋዜማ፣ የሰው ዳቦ ሁሉ አልቆ፣ የአባታቸው ድፎ የመጨረሻው ሆኖ እሳት ላይ ወጣ። ከሰዓት በኋላ ወይዘሮ ፋጡሜ በሩን አንኳኩ።

«ፈይሩዝ! ልጅቷ ጡት ፈለገች፣ ክፈቺ እንጂ!»

«ትንሽ ይታገሡኝ እትዬ ፋጡሜ። የአባቴ ነው። አሁን ከከፈትኩት ይሰነጠቅብኛል።»

ድምፃቸው እንቅልፍ እንደ ያዘው ሰው የተጎተተ ነበር። ወይዘሮ ፋጡሜ የጾም ድካም መሰላቸውና፣ «ለአባትሽ ብቻ እንዳታደርጊው፣ እኔም አፍ አለኝ!» ብለው ቀልደው ሄዱ። ተመልሰው ሲመጡ የመለሰላቸው የለም። አቶ ምስጋናው ከወፍጮ ቤት ዱቄታቸውን ሳያራግፉ ሮጠው ደርሰው በሩን ሰበሩት። ወይዘሮ ፈይሩዝ ከሊጥ ማቡኪያው አጠገብ ግድግዳ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ፊታቸው ቀልቶ፣ ከሳምንቱ ሁሉ ይልቅ ጤነኛ ይመስሉ ነበር።

በጤና ጣቢያው የተቀበሏቸው ባለሙያ ገና ሳይነኳቸው፣ «ከሰል የት ነበር? በሩስ?» ብለው ጠየቁ። አቶ ምስጋናው፣ «ጭስ አልነበረም፣ ፍሙ የጠራ ነው» አሉ። ባለሙያውም፣ «የሚገድለው አይታይም፣ አይሸትም፤ መውጫ ካጣ ሰውን ያፍናል» አሏቸው። የተቻለው ሁሉ ተደረገ። ወይዘሮ ፈይሩዝ በተወለዱ በሃያ ሰባት ዓመታቸው፣ ታኅሣሥ 28 ቀን 2018 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም ተለዩ።

መርዶ በስልክ አይነገርምና አቶ አደም ምንም ሳያውቁ ዛሬ ጠዋት ከጨፋ ተነሡ። ለልጅ ልጃቸው ወተት በቅል ይዘው፣ አዲስ ሽርጣቸውን አገልድመው መጡ። ከመንገዱ ማዶ ድንኳኑን ሲያዩ ሙስዐብን፣ «ለገና ድንኳን ይጥላሉ እንዴ?» አሉት። ሙስዐብ ክንዳቸውን ይዞ ወደ ድንኳኑ አገባቸው፤ መርዶውንም በዚያ ሰሙ።

ካለቀሱ በኋላ፣ «ዳቦዋ የታለ?» አሉ። ዳቦው ከነምጣዱ፣ ክዳኑ ሳይነሣ እዚያው ነበር። ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ «ሰው የበላ ዳቦ ነው፣ ቦርከና ይጣል» አሉ። አቶ አደም ግን፣ «እስከ ዛሬ መለስኩባት። ይህንን አልመልስም» ብለው ክዳኑን ራሳቸው አነሡ። ድፎው ዳር እስከ ዳር ቀልቶ ነበር፤ አንድም ስንጥቅ አልነበረበትም። «ቢስሚላህ» ብለው ቆረሱት፤ ከቀመሱም በኋላ ሕፃን ዘሃራን አጎረሷት፤ ለአቶ ምስጋናውም ሰጧቸው።

እናቶችና እኅቶች፣ በዚህ ሳምንት ራሳችሁን ያመማችሁ ከመካከላችሁ ጥቂት እንዳልሆናችሁ ትናንት በለቅሶው ላይ ስትነጋገሩ ተሰምቷል። ጾሙ ተፈትቷል። ነገ ከነገ ወዲያ እሳት ስታነዱ ሕመሙ ከተመለሰ፣ ጾሙ እንዳልነበረ እወቁ። ለጥምቀትም ትጋግራላችሁ። ዳቦው ይሰነጠቅ፣ በሩን ክፈቱ።

ወይዘሮ ፈይሩዝ አደም ባለትዳርና የአንዲት ሴት ልጅ እናት ነበሩ። አባታቸው አቶ አደም ሙሐመድዘይን፣ ባለቤታቸው አቶ ምስጋናው ይመር፣ ገና ጡት ያልጣለችው ልጃቸው ዘሃራ፣ የእናታቸው ወንድም፣ የአጎታቸው ልጅ ሙስዐብና እንደ እናት የሆኗቸው ወይዘሮ ፋጡሜ ከኋላቸው ቀርተዋል። ከቀብር መልስ የቀረው ድፎ ለሁላችሁም ይቆረሳል፤ ክርስቲያን ሙስሊም ሳይባል ማንም ሳይቀምስ እንዳይሄድ አባታቸው አደራ ብለዋል።

የሁላችን ፈጣሪ የእኅታችንን ነፍስ ተቀብሎ፣ በሩ በማይዘጋበት ቤት ያሳርፍልን። አሜን በሉ፤ አሚን በሉ።