የጥያቄ ምልክት የማይቀበለው ፍላሽ

— ሄሎ? ... እታለም፣ ቀስ በዪ፣ አልሰማሁሽም። — ጋሼ፣ ትንሽ ይታገሱኝ፣ እህቴ ናት — ሄሎ፣ ትሰሚኛለሽ? እማዬ ምን ሆነች?

— እ... ደህና ናት። ልቤን እኮ ሰቀልሽው። ... ኦፕራሲዮኑ ከአንድ ሰዓት በኋላ ነው፣ አዎ። ታዲያ ምን ያስለቅስሻል?

— የቀዳሽው ድምጿ ጠፋ? ሳምንቱን ሙሉ የቀዳሽው? ... አውቃለሁ እታለም። ማንቁርቷን ካወጡላት በኋላ እንደ ድሮው እንደማትናገር ለእኔም ነግረውኛል። ... አይዞሽ። በይ ከመጀመሪያው ንገሪኝ።

— እኔ በሰጠሁሽ በአሮጌው ኮምፒውተር ቀዳሽ። ወደ ፍላሽ ገለበጥሽ። በባልሽ ኮምፒውተር ስትከፍቺው ሦስት ብቻ። ... ስትገለብጪ ምንም አላለሽም? ... «ይዘለል?» አለሽ፣ አንቺም ሁሉም ይዘለል አልሽው። ... ኧረ አልተቆጣሁም። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል፣ አንቺ አንድ ቁልፍ ብትጫኚ ምን ይገርማል።

— የፋይሎቹን ስም እስቲ ንገሪኝ። ... «አባዬን የት አገኘሽው?» ... «ስወለድ ዝናብ ነበር?» ... የጠየቅሻትን ሁሉ ስም አደረግሽው? ... እሱስ ልክ ነሽ፣ ካልጠየቋት መች ታወራለች።

— በቃ እሱ ነው። የአንቺ ኮምፒውተር በፋይል ስም ላይ የጥያቄ ምልክት ይቀበላል። ፍላሹ የተዘጋጀው እንደ ባልሽ ኮምፒውተር ነው፤ ምልክቱን ያየበትን ፋይል ድርሽ አያስብልም። ... ሦስቱማ ምልክቱን የረሳሽባቸው ናቸው።

— ከአሮጌው አላጠፋሽም አይደል? ... እታለም?

— አጠፋሽው። ... ቆይ፣ አታልቅሺ። አንተ ልጅ፣ ሥራህን ተወውና ያን ማራገቢያ አጥፋልኝ፣ አልሰማ አለኝ! ... አሮጌውን ይዘሽዋል? ክፈቺው። ቅርጫቷን ተጫኚ፣ የቆሻሻዋን። ... ምን ይታይሻል?

— ሁሉም? ... እፎይ። ተመስገን ነው። ... እኔ? አላለቀስኩም፣ አቧራ ነው፣ ሱቁን ታውቂው የለ። በይ ወደ ቦታቸው መልሻቸውና...

— ምን? አሁን? አንድ ሰዓት ይቀራል ብለው አልነበር? ... ተዪው። ፍላሹን ተዪው እታለም፣ ምልክቶቹን በኋላ እኔ ራሴ አወጣቸዋለሁ። ስልኩን ስጫት።

— እማዬ፣ እኔ ነኝ። ... ሱቅ ነኝ። የአንድ ሰውዬ ሥራ ጨርሼ ልመጣ ነበር፣ ጊዜ ያለን መስሎኝ። ... እሺ። ... በልቻለሁ እማዬ፣ አሁን ስለ እኔ ምሳ ነው የምታስቢው?

— አልፈራሁም። ... ትንሽ ፈርቻለሁ።

— እማዬ፣ ስሜን ጥሪኝ። ... እንዲሁ። ልጅ ሆኜ ደጅ ስጫወት፣ ሲመሽ ከበሩ ላይ ሆነሽ እንደምትጠሪኝ። ... ይስሙ፣ ነርሷም ትስማ፣ ምን ቸገረሽ።

— አቤት።

— አቤት፣ እማዬ። ... ሄሎ?