ኤቤር ካይሴዶ በቀጠሮው ጠዋት ስለበላው ዳቦ

የምስክሯ ስም፦ ኑቢያ ካይሴዶ
ዕድሜ፦ 51
ሥራ፦ ልብስ ሰፊ
አድራሻ፦ ካሊ ከተማ፣ ከገበያው ጀርባ ዳገቱ ላይ
ቃል የተሰጠበት፦ ሐሙስ፣ ማርች 14 ቀን 2019 እ.ኤ.አ.፣ ከጠዋቱ 3፡20 ሰዓት

የሟቹ የኤቤር ካይሴዶ ታላቅ እህት ነኝ። ማንም ሳይጠራኝ በራሴ ፈቃድ ቀርቤ ቃሌን እሰጣለሁ። ኤቤር ዕድሜው 34 ይሁን እንጂ አእምሮው የአራት ዓመት ልጅ አእምሮ ነበር፤ የሚጥል በሽታም ነበረበት። የዛሬ ሁለት ዓመት በሽታው ደረጃ ላይ ጥሎት አራት የፊት ጥርሶቹ ረገፉ። የሰፈሩ ሰው "ሽማግሌው" እያለ ሲያሾፍበት አፉን በእጁ ከድኖ መሳቅ ለመደ። ይህን ማየት ያንገበግበኝ ነበር። ሦስት ሐኪሞች እንዲህ ዓይነቱን ሰው አናክምም ብለው ሲመልሱን፣ ዶክተር ዊልማር ኦሶሪዮ ብቻ አጥንት ውስጥ የሚተከል ጥርስ ሊሠራለት ተስማማ። ኤቤር ወንበሩ ላይ አርፎ ስለማይቀመጥ ሙሉ ማደንዘዣ ያስፈልገው ነበርና ተራው እስኪደርስ አሥራ አራት ወር ጠበቅን።

ቀጠሮው ማክሰኞ ማርች 5 ነበር። ከዋዜማው ምሽት ጀምሮ ምንም እንዳይቀምስ፣ የሚጥል በሽታውን ኪኒን ብቻ በአንድ ጉንጭ ውሃ እንዲውጥ ታዘዝኩ። ኤቤር ግን ኪኒን የሚውጠው የአይብ ዳቦ ውስጥ ሲደበቅለት ነው፤ እናታችን ያስለመደችው እንደዚያ ነው። ቁም ነገር ስላልመሰለኝ ለዶክተሩ አልነገርኩትም። ንጋት 11፡30 ላይ ኪኒኑን በውሃ ብሰጠው ሦስት ጊዜ ተፋው። ሳይውጥ ከሄደ መንገድ ላይ ይጥለዋል ብዬ ፈርቼ በዳቦ ሰጠሁት። ከዚያ ሌላ ጨምሪ ብሎ አለቀሰ። በወተት ቡና እያራስኩ በድምሩ አራት ዳቦ ያጎረስኩት እኔው ነኝ።

ክሊኒኩ በር ላይ ነርሷ "ዶኛ ኑቢያ፣ ከማታ ወዲህ የቀመሰው ነገር አለ?" ስትለኝ፣ ተራችን እንዳያልፍ ብዬ ውሃ ብቻ አልኳት። ማደንዘዣው ከወሰደው በኋላ አስታወከ፤ ትውከቱ ሳንባው ገባ። ዶክተሩ ላብ አጥምቆት ወጥቶ በልቶ እንደሆነ እንድነግረው ለመነኝ። አሁንም አልበላም አልኩ። ኤቤር ዓርብ ዕለት ሞተ።

ቀብሩ ላይ ታናሽ ወንድማችን ኤልኪን፣ ዶክተሩ ሊለማመድበት ብሎ ነው የገደለው አለ። እኔ ዝም አልኩ፤ እሱም ሄዶ ከሰሰ። ሰኞ ዕለት ዶክተሩ ሲታሰር ከመኪናው በር ላይ ወደ እኔ ዞሮ "ዶኛ ኑቢያ፣ ይቅር በይኝ። ምኑ ላይ እንደተሳሳትኩ ግን እስካሁን አላወቅኩትም" አለኝ። ይህን ከሰማሁ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ሰውየው ምንም አልተሳሳተም፤ ይፈታ።

ቃሌ ተነቦልኝ የተናገርኩት መሆኑን አረጋግጫለሁ። መርማሪው ዳቦውን የሰጠሁት ለኪኒኑ ስል ነው ተብሎ ይጻፍ እንደሆነ ጠይቆኛል። ለኪኒኑ አንዱ ይበቃ ነበር። ሦስቱን የሰጠሁት ለቅሶውን መስማት ስላልቻልኩ ነው፤ እንደዚሁ ይጻፍልኝ።

የምስክሯ ፊርማ፦ ኑቢያ ካይሴዶ
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ፦ ሳጅን ያሚር ቦላኞስ